ከሆስፒታሉ በር ወዲህ ስላሉት ሕሙማን

በኻርቱምም ሆነ በአዲስ አበባ የሕክምና ነገር ሲነሣ ከተማሩት ሰዎች አፍ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አስተያየት አለ፤ ይኸውም አገር ድኻ እስከ ሆነች ድረስ ያላትን ጥቂት ሐኪም፣ ጥቂት መሣሪያና ጥቂት ገንዘብ በየአውራጃው ብትበትነው ሁሉም ደካማ ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ አስቀድሞ በርእሰ ከተማው አንድ ወይም ሁለት ብርቱ ሆስፒታል ማቆም፣ ብቃቱ ከተረጋገጠ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ዳር አገር ማድረስ ይገባል የሚል ነው። ሲሰሙት የጥበብ ድምፅ አለው። የሚናገሩትም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ጓንት በሌለበት ክፍል ሌሊቱን ሲባዝኑ ያደሩ፣ መልካም ሥራ በዕቃ እጦት እንዴት እንደሚበላሽ በዓይናቸው ያዩ ሐኪሞች ናቸው። እኔ ግን ይህ አስተያየት በርትዕ በኩል ብቻ አይደለም፣ ራሱ በሚመካበት በብቃት በኩል ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ፤ ፍትሕንና ብቃትን በሚዛን ግራና ቀኝ አስቀምጦ አንዱ ሲከብድ ሌላው ይቀላል ማለት ሒሳቡን ካልተገባ ቦታ ከመጀመር የመጣ ነው ብዬ አምናለሁና። (ጽሑፉ የሱዳን ነገር ስለሚበዛበት ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ጀሪፍ ከአገራችን የወረደው ዓባይ ከነጩ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው በግራ ዳርቻው የሚያልፈው የኻርቱም ሰፈር ነው፤ ማዶው ምሥራቅ ጀሪፍ ይባላል። ወንዙ በክረምት የሚያወርደውን ደለል፣ ከጎጃምና ከወሎ ተራራ ተጠርጎ የመጣውን አፈር ማለቴ ነው፣ የሰፈሩ ሰዎች በቅርጽ እያወጡ በወንዙ ዳር በሚጤሱት፣ እነሱ «ከማይን» በሚሏቸው ምድጃዎች አቃጥለው ጡብ ያደርጉታል። በዚሁ ሰፈር በ2023 ከተነሣው ጦርነት በፊት አገራቸውን በድኽነትም በፖለቲካም ምክንያት የለቀቁ ብዙ ሐበሾች ተሰብስበው ይኖሩ ነበር፤ ሴቶቹ በሰው ቤት ሠራተኝነትና በመንገድ ዳር ሻይ በማፍላት፣ ወንዶቹ በቀን ሥራና በረክሻ (ባጃጅ) ነጂነት ይተዳደሩ ነበር።

ካርታ ዘርግቶ ለሚመለከት ሰው ጀሪፍ በሆስፒታል የታደለ ሰፈር ነው። በስተ ደቡብ፣ ስሙን ከጥንቱ የክርስቲያኖች የዐልዋ መንግሥት ርእሰ ከተማ የወረሰው የሶባ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ በስተ ምዕራብ የኢብራሂም ማሊክ ሆስፒታል አለ፤ በቡሪ በኩልም መስታወታቸው ከሩቅ የሚያበራ የግል ሆስፒታሎች አሉ። ፍትሐዊ ስርጭት ማለት በኪሎ ሜትር የሚለካ ቢሆን ኖሮ ከዳርፉርና ከኮርዶፋን ገጠር ጋር ሲነጻጸር የጀሪፍ ሰው ምንም የሚያማርረው ባልኖረ ነበር። ዳሩ ግን ርቀት በመንገድ ብቻ አይለካም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሱዳን መንግሥት ሕሙማን በየሆስፒታሉ እንዲከፍሉ ባደረገ ጊዜ፣ አንድም ሆስፒታል ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ለድኻው ሁሉም በአንድ ሌሊት ራቁ፤ በ2008 ለወላዶች በቀዶ ሕክምናና ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነጻ ሕክምና ሲታወጅ ደግሞ አዋጁ በተፈጸመበት ቦታ ያህል ተመልሰው ቀረቡ። ኢቃማው፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ጊዜው ያለፈበት ስደተኛ፣ ዐረብኛው የማይፈታለት፣ ለረክሻ የሚከፍለው ያጣ ሰው ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ቢያድርም በጠረፍ እንዳለ ይቆጠራል።

ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት አንድ ሌሊት ያየሁትን ልናገር። ሻይ በመሸጥ የምትተዳደር አንዲት የጎንደር ልጅ የመጀመሪያ ልጇን እያማጠች ከማታ ጀምሮ በቤቷ ቆየች፤ የቆየችውም የሆስፒታል ጥቅም ሳይገባት ቀርቶ አይደለም፤ ኢቃማዋ አልፎበት ስለ ነበር በበር ላይ የሚጠይቃትን ሰው ፈርታ ነው። ደሙ ሲበዛ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ እትዬ የሚላቸው ጎረቤቷ ቤት ለቤት ገንዘብ ለቅመው፣ በረክሻ አሳፍረው፣ ራሷን በጭናቸው ላይ አድርገው ስመ ማርያምን እየጠሩ ወሰዷት። ስሙን ከማላነሣው ሆስፒታል ስንደርስ የሐዋዲሱ (የድንገተኛው ክፍል) ዘበኛ ወረቀት ጠየቀ። እትዬም በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛቸው «ልጄ፣ ወረቀቱ ነገ ይደርሳል፣ እሷ ግን እስከ ነገ አትደርስም» አሉት፤ እሱም ጥቂት አመንትቶ አሳለፈን። ከዚያ ካርድ፣ ከካርድ በኋላ ክፍያ፣ ከክፍያ በኋላ ዓይኑ በእንቅልፍ የቀላ አንድ ወጣት ሐኪም ሩሹታ (የመድኃኒት ማዘዣ) ጽፎ ጓንቱንና ግሉኮሱን ከውጭ ፋርማሲ ገዝተን እንድናመጣ ነገረን። ሐኪሙን አልወቅሰውም፤ ዕቃው በእጁ ከገባ በኋላ የሠራው ሥራ የሚመሰገን ነው። እናቲቱ ተረፈች፣ ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ። በማግስቱ መውጫ ወረቀቷን ሳነብ እናቲቱ በመልካም ጤንነት እንደ ወጣች፣ ሕፃኑም ሆስፒታል ከመድረሷ አስቀድሞ እንደ ሞተ ተጽፎ አገኘሁ።

ሁለቱም ቃል እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚያች በሁለተኛይቱ መስመር የሕፃኑ ሞት ከሆስፒታሉ ሒሳብ ወጥቶ በማንም ሒሳብ ሳይገባ ቀረ። የሆስፒታሉ የዓመት ሪፖርት ሲታተም ያ ሌሊት ከመልካም ውጤቶቹ አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። እንግዲህ ስለ ብቃት የሚነገረው አብዛኛው ቍጥር የዚህ ዓይነት ነው፤ ከመቶ ሕሙማን ስንቱ ድኖ ወጣ ይላል እንጂ መዳን ሲገባው ስንቱ ሳይገባ ቀረ፣ ስንቱ ደግሞ ጊዜው ካለፈ በኋላ ገባ አይልም። በሩን ያጠበበ ሆስፒታል በዚህ አቆጣጠር ሁልጊዜ ይበልጣል፤ የደከመውና የመሸበት ሕመምተኛ በሌላ ቦታ እንዲሞት እስከ ተደረገ ድረስ ውጤቱ እያማረ ይሄዳል።

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት የሚነበበውን የመጻጉዕን ነገር አማርኛ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። በቤተ ሳይዳ የነበረችው መጠመቂያ በዛሬው አነጋገር እንመዝናት ብንል ብቃቷ ፍጹም ነበር፤ ውሃው በተናወጠ ጊዜ ቀድሞ የገባው ሰው ከማናቸውም ደዌ ይፈወስ ነበርና፣ በመዝገቧ አንድም ሳይድን የወጣ የለም። በአምስቱ መመላለሻ የተኙት ዕውሮች፣ ሐንካሶችና ልምሾዎች ግን በመዝገቡ የሉም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋው የቆየው መጻጉዕም ችግሩን ሲጠየቅ የውሃውን ጉድለት አልተናገረም፣ ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ እንጂ። ሊቃውንት ይህን ታሪክ በብዙ መንገድ ይተረጕሙታል፤ እኔ ግን በየሆስፒታሉ ደጅ በተሰለፍኩ ቍጥር የሚታየኝ ይኸው ሥርዐት ነው፤ ጕልበት ያለው ይቀድማል፣ የቀደመውም ይድናል፣ የዳነውም የሆስፒታሉ ምስክር ይሆናል።

የተቃራኒዎቼን ብርቱ ማስረጃ ሳልጠቅስ ማለፍ ግን አይገባኝም። በ2010 የሎንዶን ከተማ በድንገት አንጎላቸው ደም የተከለከለባቸውን ወይም የፈሰሰባቸውን ሕሙማን፣ እኛ ስትሮክ የምንለውን ማለት ነው፣ ሠላሳ ያህል ሆስፒታሎች ሲያክሙ የነበረውን ትታ በስምንት ማእከሎች ብቻ እንዲታከሙ አደረገች፤ ሞትም ቀነሰ። «እነሆ» ይላሉ፣ «መሰብሰብ ያድናል፣ መበተን ይገድላል።» ይህን የሚሉት ሰዎች ታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው የሚያነቡት። ስምንቱ ማእከሎች የተመረጡት ከሎንዶን ነዋሪ ማንም ሰው በአምቡላንስ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ እንዳይርቅ ተብሎ ነው፤ የተሰበሰበው አልጋው ሲሆን፣ መንገዱ፣ መኪናውና ባለሙያው ወደ ሕመምተኛው ተበትነዋል። ከዚህም የሚበልጠው ምስክር ማንቸስተር ናት። እርሷም በዚያው ዓመት ገደማ ሕክምናውን በጥቂት ቦታ ሰበሰበች፤ ነገር ግን ወደ ማእከሎቹ የሚወሰዱት ሕመሙ ከጀመራቸው አራት ሰዓት ያልሞላቸው ብቻ እንዲሆኑ ደነገገች፣ ሎንዶን ግን ሁሉንም ተቀበለች። ተመራማሪዎች ሁለቱን ሲያነጻጽሩ በሎንዶን የሞት ቍጥር ከሌላው አገር ይልቅ መቀነሱ ተረጋገጠ፤ በማንቸስተር ግን በዚያ አሠራር ዘመን እንዲህ ያለ ልዩነት አልተገኘም። አንድ ዓይነት ጥበብ፣ አንድ ዓይነት መሰብሰብ፣ ሁለት ዓይነት በር ነበራቸው፤ ውጤቱም በሩን ተከትሎ ሄደ።

ብቃትን በቍጥር አውጥቶ ማወዳደሩ ብቻውን የሚያመጣውን ደግሞ የኒው ዮርክ ግዛት አይታዋለች። ከ1990 ገደማ ጀምሮ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሆስፒታልና ሐኪም ሁሉ ስንት ሰው እንደ ሞተበት ለሕዝብ መታተም ጀመረ። የሕሙማኑ የበሽታ ክብደት በሒሳብ እየተስተካከለ ሞት ቀነሰ ብለው የተደሰቱ ነበሩ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ሐኪሞቹ የደከመውን ሕመምተኛ መሸሽ እንደ ጀመሩ፣ በጣም የታመሙት ወደ ሌላ ግዛት እንደ ተላኩ አሳዩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ለእኔ ግን ይህ በሀብታም አገር፣ ለሁሉ በሚደርስ ስልክና መንገድ መካከል የሚያከራክር ከሆነ፣ ለተከለከለው ሰው መሄጃ በሌለው በእኛ አገር ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያስቸግርም።

አሁን ወደ ኻርቱም ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ማስረጃ እዚያ ነውና። በ2010ዎቹ ዓመታት የኻርቱም ግዛት የጤና ሚኒስትር የነበሩት ፕሮፌሰር ማሙን ሑመይዳ በመሀል ከተማ የተከማቸውን ሕክምና ወደ ዳር ለማውጣት ቆርጠው ተነሡ። አሳባቸው በወረቀት ላይ ሲነበብ እኔ እዚህ የምከራከርለት አሳብ ይመስላል፤ ድኻው በዳር ይኖራል፣ ሆስፒታሉ በመሀል አለ፣ ስለዚህ ሆስፒታሉ ወደ ድኻው ይሂድ። በዚህም መሠረት ለትውልድ የሱዳን ሐኪሞች ትምህርት ቤት የነበረው የኻርቱም ማስተማሪያ ሆስፒታል ክፍል በክፍል እየተፈታ አገልግሎቱ እንደ ኢብራሂም ማሊክ ወዳሉ ሆስፒታሎች እንዲዛወር ተደረገ። ሐኪሞች ጮኹ፤ ሚኒስትሩ ራሳቸው የግል ሆስፒታል ባለቤት መሆናቸውም ለሐሜት በር ከፈተ፤ እሳቸው ግን ለድኻው ነው ያደረግኩት ከማለት አልተመለሱም። በልባቸው የነበረውን እግዚአብሔር ይወቀው። በሥራ የታየው ግን የመሀሉ ሆስፒታል ሲፈርስ የዳሩ ያልጠና መሆኑ ነው፤ በጥቅምት 2016 ከኦምዱርማን ሆስፒታል ተነሥቶ በአገሩ የተዛመተው የሐኪሞች አድማ የጠየቀው፣ ከሐኪሞች ደኅንነት ጋር፣ ለድንገተኛ ሕክምና የሚያስፈልገው ዕቃና መድኃኒት በየሆስፒታሉ እንዲኖር ነበር።

«ታዲያ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ትሻለህ?» ይሉኛል። «ፍትሕ ብለው በተኑት፣ ብቃትም አብሮ ተበተነ።» እኔ ግን በኻርቱም የሆነው ፍትሕ ነበር ብዬ አልቀበልም። የተዛወረው የበር ሰሌዳ ነው። ሰው ወደ ዳር ሲዛወር ደመወዙ፣ ቤቱ፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የሚያማክረው ባልደረባ፣ በሌሊት የሚበራለት መብራትና የሚያገኘው ደም አብሮት ካልተዛወረ ወደ ዳር ሄደ አይባልም፤ ተጣለ ይባላል። ከዚህም ሌላ ሚኒስቴሩ ሊበተን የሚገባውንና ሊሰበሰብ የሚገባውን ሳይለይ በአንድ ላይ ፈታው። ነጥቡ እዚህ ላይ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት።

እጅ በብዛት በመሥራት የሚሠለጥንበት ሕክምና አለ፤ የልብ ቀዶ ሕክምና፣ የካንሰር ጨረር፣ የአንጎል ዕጢ ማውጣት እንዲህ ያሉ ናቸው፤ በዓመት ጥቂት ሰው ብቻ የሚያገኝ ክፍል እነዚህን ቢሠራ ሕመምተኛውን ይጎዳዋል፣ ስለዚህ መሰብሰባቸው ተገቢ ነው። የሚገድሉን በሽታዎች ብዛታቸው ግን ከዚህ ወገን አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም፣ የሕፃናት የሳንባ ምች፣ ወባ፣ ተቅማጥ፣ የተዘጋ ምጥ፣ ጊዜው ያለፈበት ትርፍ አንጀት፣ እነዚህ ሁሉ ሐኪሙ ምን ያህል የረቀቀ ነው ብለው አይጠይቁም፤ በስንት ሰዓት ደረሰ ብለው ነው የሚጠይቁ። ከወሊድ በኋላ የሚደማ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው ሕመም ርቀት ራሱ የሕክምናው ጉድለት ነው፤ በሰባት ሰዓት መንገድ ላይ ያለ እጅግ የሠለጠነ ሆስፒታል በሰፈሩ ካለች አንዲት የተማረች አዋላጅ ያነሰ ብቃት አለው። ይህን ስል ሐኪምን ማቃለሌ አይደለም፤ ሥራው የሚለካው ሕመምተኛው ካለበት ስፍራ ነው ማለቴ ነው።

መሰብሰብ በሚገባው በኩል እንኳ ቢሆን አንድ ብቻ ማድረግ እንዴት እንደሚጎዳ አዲስ አበባ ታውቃለች። ከሃያ ዓመት በላይ የካንሰር ጨረር ሕክምና በመላው ኢትዮጵያ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ከጋምቤላም ከጅግጅጋም የመጣው ሕመምተኛ ተራ እየጠበቀ ወራት ሲያልፉ፣ ሲመጣ ይድን የነበረው ዕጢ ተራው ሲደርስ የማይድን ሆኖ ይገኝ ነበር። ሐኪሞቹና መሣሪያው ባለመሥራታቸው ሳይሆን አንድ በመሆናቸው ነበር። ሱዳን በዚህ ረገድ ቀድማን ነበር፤ በኻርቱም ከ1967 ጀምሮ የጨረር ማእከል ነበራት፣ ሁለተኛውን ደግሞ በወድ መደኒ አቁማ ነበር።

የነበራትንም ጦርነቱ ፈተነው። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በኻርቱም ተኩስ ሲከፈት ሁሉ በአንድ ስፍራ መከማቸቱ ምን ማለት እንደ ሆነ ታየ፤ በቤተ መንግሥቱና በጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ዙሪያ የነበሩት ታላላቆቹ ሆስፒታሎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሥራ ውጪ ሆኑ። ከኻርቱም የሸሸው የካንሰርና የኩላሊት ሕመምተኛ ወደ ወድ መደኒ ጐረፈ፤ በታኅሣሥ ያችም ከተማ ስትያዝ እንደ ገና ተሰደደ። ሕሙማንን መቀበላቸውን የቀጠሉትስ እነማን ነበሩ? በሰሜን ኦምዱርማን ዳር ያለው፣ ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው አን-ናው ሆስፒታል፤ በደቡብ ኻርቱም በድኾች ሰፈር ያለው በሻኢር፤ በከላክላ ያለው የቱርክ ሆስፒታል። እነዚህ ጥበበኞች ይንቋቸው የነበሩ የዳር ሆስፒታሎች ናቸው። የሰፈር ወጣቶች ባቋቋሟቸው የድንገተኛ ርዳታ ክፍሎችና ድንበር የለሽ ሐኪሞች በሚባሉት ማኅበርተኞች እየታገዙ በቦምብ መካከል ሲያዋልዱና ቍስል ሲሰፉ ቆዩ፤ እነሱም ቢሆኑ በተኩሱና በዝርፊያው ብዛት ሥራቸው በየጊዜው ተቋርጧል። ይህ ሁሉ የሑመይዳ አሳብ ልክ ነበር ለማለት አይበቃም፤ ያቆማቸው ዕቅዱ ሳይሆን ሰዎቹ ናቸውና። ነገር ግን «የዳር ሆስፒታል ብቃት የለውም» የሚለውን ቃል ከእንግዲህ በኻርቱም የሚናገር ሰው ቢያንስ ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገረው።

በዚያ ጊዜ ከጀሪፍ የሸሹት ሐበሾች ብዙዎቹ በገዳሪፍ በኩል ወደ ገላባትና ወደ መተማ ነው የሄዱት። ከመተማ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ደግሞ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን። ስለዚህ ጎንደርን ካነሣሁ ዘንድ ስለ ርሷ ልናገር፣ የምከራከርለት ነገር በአገራችን ከሰባ ዓመት በፊት በሥራ የታየው እዚያ ነውና። በ1953 በደምቢያ ሜዳ ወባ ገብቶ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። የመንግሥቱ ምላሽ በአዲስ አበባ አንድ ታላቅ የወባ ሆስፒታል መሥራት ሊሆን ይችል ነበር፤ ጠቢባን አማካሪዎችም አይጠፉም ነበር። ነገር ግን በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተና የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ቡድን ሆነው ሠልጥነው ወደ አውራጃ እንዲወርዱ ተደረገ። በወቅቱ ብዙ ሐኪሞች «ግማሽ ሐኪም» ብለው ሲያሾፉባቸው የነበሩት እነዚያ የጤና መኮንኖች፣ ሙሉ ሐኪም ለመሄድ ባልፈለገበት አገር ለብዙ ዘመን ብቸኛው ሐኪም ሆነው ኖረዋል። ከ2009 ወዲህ ደግሞ ከእነሱ መካከል ተመርጠው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሥራ የተማሩ በየወረዳው ሆስፒታል በምጥ የተያዙትን በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ጀምረዋል።

«ይህ ለድኻ ድኻ ሕክምና መስጠት ነው» የሚለው መቃወሚያ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ከመቃወሚያዎቹ ሁሉ የምፈራው ይኸንን ነው፣ ምክንያቱም በርኅራኄ ልብስ ነው የሚመጣው። ሞዛምቢክ ከ1984 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ስታሠለጥን ይኸው ተብሎባት ነበር፤ በኋላ ሥራቸው ሲመረመር በቀዶ ሕክምና ባዋለዷቸው ሴቶች ውጤት ከሐኪሞቹ ጋር የሚቀራረቡ ሆነው ተገኙ፤ ከሰባት ዓመት በኋላም በወረዳ ሆስፒታል አብዛኞቹ ሳይለቁ ሲገኙ፣ ከተላኩት ሐኪሞች ግን አንድም አልቀረም። በሱዳንም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1921 በኦምዱርማን የተከፈተው የአዋላጆች ትምህርት ቤት ማንበብ የማይችሉትን የመንደር «ዳያዎች» መድኃኒቱን በጠረኑና በመልኩ እንዲለዩ አስተምሮ፣ የቆርቆሮ ሣጥን አስይዞ ወደየመንደራቸው ይመልሳቸው ነበር። የሱዳን የሕክምና ትምህርት ቤት እንኳ የተከፈተው ከዚያ በኋላ በ1924 ነው። ያቺ ባለ ሣጥን ዳያ ከሐኪሙ ጋር ስትወዳደር ታንስ ይሆናል፤ በምትሄድበት ጎጆ ግን የምትወዳደረው ከማንም አለመኖር ጋር ነው፣ ከዚያም እጅግ ትበልጣለች።

ከሁሉ በላይ ተቃራኒዎቼን ሊያሳምን ይገባ የነበረው ምሳሌ ግን በአዲስ አበባ ያለው የፊስቱላ ሆስፒታል ነው። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1959 ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጥተው ከሠሩ በኋላ በ1974 ለብቻው የቆመውን ሆስፒታል ከፈቱ፤ በምጥ ብዛት ፊኛቸው የተቀደደባቸውን ሴቶች በመጠገን የመጣው ዝና በዓለም የታወቀ ነው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ይድናሉ። ብቃት የሚባለው ቢፈለግ ይህ ነው። ታዲያ የሆስፒታሉ ሰዎች በሙሉ ክብራቸው ሳሉ ምን አደረጉ? ቍስሉ የሚመጣው ከርቀት መሆኑን፣ ማለት ወላዷ ከአዋላጅና ከቀዶ ሕክምና በመራቋ መሆኑን ስላወቁ፣ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማእከል ከፈቱ፤ በ2007 ደግሞ ከየገጠሩ ልጃገረዶችን ወስዶ አዋላጅ አድርጎ ወደየመጡበት የሚመልስ ኮሌጅ አቋቋሙ። በጣም የረቀቀውን ጥገና በመሀል ጠበቁት፣ የሚበዛውን ጥገና ወደ ክፍለ ሀገር አወጡት፣ ጥገና እንዳያስፈልግ የሚያደርገውን እውቀት ደግሞ እስከ ወረዳ አደረሱት። በየትኛውም ደረጃ ብቃት ለፍትሕ ሲባል አልተሸጠም።

አሁን ኻርቱም ከመጋቢት 2025 ወዲህ በሠራዊቱ እጅ ተመልሳለች፤ ሰው ወደ ሰፈሩ እየገባ፣ የተዘረፉት ሆስፒታሎችም ከየትኛው ይጀመር እየተባለ ይመከርባቸዋል። የድሮው አስተያየትም ካባውን አራግፎ ተነሥቷል፤ ገንዘቡ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ አስቀድሞ ታላላቆቹ ይታደሱ ይባላል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። በጀሪፍ፣ በማዮና በሐጅ ዩሱፍ ሰፈሮች ሌሊት የሚያድሩ አዋላጆች፣ ደምና ግሉኮስ፣ የሚሠራ አምቡላንስ፣ ኢቃማ የማይጠይቅ የድንገተኛ ክፍል ይቅደም፤ በእነሱ ላይ ወደ ሶባና ወደ ኢብራሂም ማሊክ የሚያሳልፍ ሥርዐት ይዘርጋ፤ የልብና የአንጎል ክፍሎች ከዚያ በኋላ፣ ግን እንደ ቀድሞው በአንድ መንገድ ላይ ተደርድረው ሳይሆን ከኻርቱም ውጪም ተካፍለው ይቁሙ። ወደ ዳር ለሚሄደው ሐኪም በመሀል ካለው የበለጠ ይከፈለው፤ ይህን የሚያህል ገንዘብ የለም የሚሉኝን መንግሥታት ሁሉ፣ በ2001 በአቡጃ ከበጀታችን አሥራ አምስት ከመቶ ለጤና እንሰጣለን ብለው የፈረሙበትን ወረቀት አሳያቸዋለሁ፤ የኢትዮጵያም የሱዳንም መንግሥት ቃል የገባበት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር ይደረግ። በየሆስፒታሉ መዝገብ ላይ፣ ሕመምተኛው ከገባበት ሰዓት ጎን ሕመሙ የጀመረበት ሰዓትና የመጣበት ሰፈር የሚጻፍበት ዓምድ ይጨመር፤ ሞቶ የደረሰም ቢሆን ስሙ ከመዝገቡ እንዳይወጣ፣ የዓመቱም ሪፖርት ሲታተም «ከመድረሱ በፊት የሞተ» የሚለው ቍጥር በዚያ ወረዳ ለሚያዝዘው የጤና ቢሮ ኀላፊ ሒሳብ ተደርጎ በስሙ ይውጣ።